ነጭ የለበሰው ቸኮሌት እና የእናትዎ አክፍሎት

(ይህ ጥያቄና ምላሽ በ2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ወረርሽኝ ሰሞን፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ የተጻፈ ነው።)

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ፒያሳ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ጾሙን ይዛለች። ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ ከግቢ ወጥተው አያውቁም። በየካቲት መጨረሻ የባለቤቴ እኅት ከፍራንክፈርት ስትመጣ አንድ ከረጢት ሙሉ ቸኮሌት ይዛልን መጥታ ነበር፤ በእንቁላል ቅርጽ የተሠሩም አሉበት። ለፋሲካ ይሆናል ብዬ ኩሽና ውስጥ ከምድጃው በላይ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። እሑድ፣ የሆሳዕና ዕለት፣ የአክስታቸው ልጆች በቪዲዮ ደውለው የቸኮሌት እንቁላል ሲበሉ አሳዩዋቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። አውጥቼ ባየው ግማሹ ነጭ ነጭ ነገር ለብሷል። ሻጋታ ነው? ቫይረሱም እንዳይኖርበት በበረኪና ልወልውለው ወይስ ልጣለው? ጥቁሩ ቸኮሌት የጾም ነው የሚባለውስ እውነት ነው? ከበሽታው ይከላከላል ሲሉም ሰምቻለሁ። ሌላው የእናቴ ጉዳይ ነው። 71 ዓመቷ ነው፣ ካዛንቺስ ሚኒባስ ከሚነዳው ወንድሜ ጋር ትኖራለች። የስኳር ሕመምተኛ ነች፣ ግሊቤንክላሚድ ትውጣለች። እንደ ልማዷ ዘንድሮም አከፍላለሁ ብላለች። ስኳሯ ቢወርድ ትቅመሰው ብዬ ከቸኮሌቱ ልልክላት አስቤያለሁ። ፋሲካን እንደ ወትሮው እሷ ጋ ሄደን ብንፈታስ ምን ይላሉ?»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎ መጨረሻ እጀምራለሁ። ቸኮሌቱ እስከ እሑድ ይቆያል፤ ዓርብ ግን ከነገ ወዲያ ነው።

እናትዎ ግሊቤንክላሚድ እየዋጡ ማክፈል የለባቸውም። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን እየጎተጎተ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ኪኒን ነው። ባለቤቱ ይብላ አይብላ አይጠይቅም፤ ከተዋጠ ሥራውን ይሠራል። ቁርስና ምሳ ባለበት ቀን ኢንሱሊኑ የሚሠራበት ስኳር ያገኛል። ከሐሙስ ማታ እስከ እሑድ ሌሊት እህልም ውኃም በማይቀመስበት ጊዜ ግን ያለችውን ጥቂት ስኳር ከደም ያወጣታል፣ ለአንጎል የሚተርፍ ይጠፋል። በዚያ ላይ በ71 ዓመት ኩላሊት እንደ ድሮው አይሠራም፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የወረደው ስኳር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ቀና ብሎ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ የሚችለው ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ ይህ መመላለስ ከአንድ ቀን በላይ ይዘልቃል። የሚውጡት ሜትፎርሚን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልፈራሁ፤ እሱ ብቻውን ስኳር እንዲህ አያወርድም። ከሐሙስ ማታ እስከ እሑድ ሌሊት ውኃ አለመቅመስ ግን ለስኳር ሕመምተኛ በሜትፎርሚንም ቢሆን ደግ አይደለም።

«እንግዲያው ለሁለቱ ቀን ኪኒኑን ይተዉት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ይህም መንገድ አይደለም። መድኃኒት በራስ ፈቃድ ሲቋረጥ ስኳሩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ስኳር ሲበዛ ሽንት ይበዛል፣ ውኃ ሳይጠጡ ሽንት የሚያበዙ አዛውንት ቅዳሜ ማታ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ ነው። ዛሬውኑ የሚከታተሏቸውን ሐኪም በስልክ ያግኙና ለእነዚህ ቀናት መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክሉላቸው። ሁለተኛው ስልክ ለንስሐ አባታቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው እንደ ጤነኛ ይጹም አትልም፤ ይህን ከእኔ ከልጅ ልጆቻቸው ሐኪም ከሚሰሙት ከንስሐ አባታቸው ቢሰሙት እንደሚሻል ግን በልምድ አውቃለሁ። እናቶች ሐኪምን «እሺ» ብለው ሸኝተው ያከፍላሉ። ንስሐ አባታቸውን ግን ይሰማሉ።

አሁን ወደ ቸኮሌቱ ሐሳብዎ። ስኳር ሲወርድ ቸኮሌት መስጠት የተለመደ ስህተት ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ስኳር አለው፣ ስለዚህ ይረዳል ይባላል። ችግሩ ከስኳሩ ጋር ብዙ ቅባት መኖሩ ነው። ቅባት ሆድ ውስጥ ያለውን ነገር ያዘገየዋል፤ ስኳሩ ወደ ደም የሚደርሰው ተንቀርፍፎ ነው። ያልባቸው፣ እጃቸው የተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው የተምታታ ሰው የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። የሚያስፈልገው ተራ የሻይ ስኳር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ የደም ስኳሩን በመለኪያ መለካት፣ ከ70 (ሚ.ግ. በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ መድገም፣ ቀና ሲል ደግሞ ትንሽ ምግብ ማብላት። መለኪያው ከሌለ በሚያዩት ምልክት ይመሩ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ ወይም ባገኙት መኪና ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱ። ከግሊቤንክላሚድ የመጣ መውረድ ከሆነ ቀና ካሉ በኋላም ቢሆን «አለፈ» ብሎ ማስተኛት አይገባም፤ በሐኪም ዐይን ሥር መቆየት አለባቸው። ይህን ሁሉ ለወንድምዎ በስልክ ደጋግመው ይንገሩት፤ ዓርብ ሌሊት እናትዎ አጠገብ የሚያድረው እሱ ነው።

የቸኮሌቱ ከረጢት፣ እንግዲህ። እንዳይጥሉት። እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ነጩ ነገር ሻጋታ ሳይሆን የካካዎ ቅቤ ነው። የቸኮሌት ቅባት ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ይቀልጣል። ቸኮሌት እጅ ላይ የሚያሳድፈው፣ ምላስ ላይም የሚሟሟው በዚሁ ምክንያት ነው። ቸኮሌቱን ያስቀመጡት ከምድጃ በላይ ነው። ቀን ወጥ ሲሠራ ቁም ሳጥኑ ይሞቃል፣ ቅባቱ ከውስጥ ይላላል። ሌሊት የፒያሳ ብርድ ሲገባ እንደገና ይረጋል። ሲረጋ ግን ፋብሪካ ውስጥ በተገራበት መልክ አይደለም፤ ትንንሽ ቅንጣቶች ሆኖ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ አመድ ይበተንበታል። ከየካቲት መጨረሻ ወዲህ ስንት ጊዜ ሽሮ እንደተሠራ ይቁጠሩት፤ ያን ያህል ጊዜ ሞቆ ቀዝቅዟል ማለት ነው።

በጣትዎ ይሞክሩት። ነጩን ቦታ ቀስ አድርገው ለአፍታ ያሹት። ከጠፋና ጣትዎ ላይ ቅባት ከቀረ የካካዎ ቅቤ ነው። ሸካራ ሆኖ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከተሰማዎና ካልጠፋ ስኳር ነው፤ እርጥበት ነክቶት ላዩ ላይ ያለው ስኳር ሟሙቶ ሲደርቅ የተወው ነው። ሁለቱም አይጎዱም፣ ጣዕሙን ግን ትንሽ ያደርቁታል። ሻጋታ ሌላ ነው። ፀጉር ያወጣል፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ይሆናል፣ የጓዳ ሽታ ይሸታል። ደረቅ ቸኮሌት ላይ እምብዛም አይወጣም፤ ውስጡ ክሬም ወይም ፍራፍሬ ያለበትና የተከፈተ ላይ ግን ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ሳይቀምሱ ይጣሉት።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቸኮሌቱን ሮጦ ፍሪጅ ውስጥ ይከትታል። አይክተቱት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይ የማያገኘው፣ ከምድጃ የራቀ የመኝታ ቤት መሳቢያ ለቸኮሌት ከፍሪጅ ይሻላል። ፍሪጅ እርጥበት አለው፣ የባሰው ግን ሽታው ነው። የካካዎ ቅቤ ሽታ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። አንድ ዓመት እኔው ራሴ የተሰጠኝን ቸኮሌት ከንጥር ቅቤ ዕቃ አጠገብ አስቀምጬ በዓመት በዓል ለእንግዳ ባቀርበው እንግዳዋ አንዴ ነክሳ «ኮሰረት አለበት እንዴ?» አለችኝ። አሁን ኩሽናዎ ውስጥ በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ቅቤው ሁሉ ለዶሮው ተሰናድቶ ይጠብቃል፤ ቅዳሜ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ደግሞ ሽታው ግድግዳ ያልፋል። ቸኮሌቱን ዛሬ አውጥተው ከነመጠቅለያው ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርገው ከኩሽና ያርቁት።

መልኩ ያስጠላቸውን አቅልጠው ይጠቀሙበት። ድስት ውስጥ ጥቂት ውኃ ያፍሉ፣ እሳቱን ያጥፉ፣ ቸኮሌቱን ሰባብረው በደረቅ ጎድጓዳ ሳህን አድርገው ከውኃው በላይ ያስቀምጡት። እዚህ ከተማ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እንፋሎቱ በቂ ነው፣ ከበቂም በላይ ነው። አንድ ጠብታ ውኃ ቸኮሌቱ ውስጥ እንዳትገባ፤ ከገባች ተያይዞ እንደ ገንፎ ይጠጥራል። ከጠጠረ ደግሞ አይጣሉት፣ ትኩስ ወተት ጨምረው ይምቱትና ለልጆች የእሑድ ማታ መጠጥ ያድርጉት።

መጠቅለያው ላይ የሚነበበውን ቀን በተመለከተ፣ የጀርመን ዕቃ ላይ «ሚንደስተንስ ሃልትባር ቢስ» የሚለው «ቢያንስ እስከዚህ ቀን ጣዕሙን ይጠብቃል» ማለት ነው። ማግስቱን መርዝ ይሆናል ማለት አይደለም። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ለቤት ሠራተኛዎም ይንገሩ፤ «2020» የሚለውን አንብበው ገና ስምንት ዓመት አለው ብለው ያስቀመጡ ደግ ሴት አውቃለሁ።

በረኪናውን ወደ ቦታው ይመልሱት። በመጋቢት የወጣ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ ካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል፤ ሰው ሁሉ ዕቃ መወልወል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ያው ጥናት መጠኑ በየሰዓቱ እያነሰ እንደሚሄድም አሳይቷል። የእርስዎ ከረጢት አገር ውስጥ ከገባ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ከመታወቁም በፊት ቁም ሳጥንዎ ውስጥ ነበር። ከሰዓትና ከቀን አልፎ ወር የቆየ ዕቃ ምን ይወለወላል? የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም ይህ በሽታ በምግብ እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩን ተናግሯል። በረኪና በመጠቅለያው ስንጥቅ ገብቶ ልጅ ቢበላው ግን ያ ሊደርስ የሚችል ጉዳት ነው። ከሱቅ ዛሬ ለሚገዙት ዕቃ ልማዱ ይህ ይሁን፤ መጠቅለያውን ይጣሉ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ከዚያ ይብሉ።

ጥቁር ቸኮሌት የጾም ነው የሚባለው በግማሽ እውነት ነው። ቸኮሌት ከካካዎ ፍሬ፣ ከካካዎ ቅቤና ከስኳር ብቻ ከተሠራ የእንስሳ ነገር የለበትም፤ «ቅቤ» መባሉ እንዳያሳስትዎ፣ የዛፍ ፍሬ ቅባት ነው። ግን «ጥቁር» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ከጀርመን የመጣው ላይ «ፎልሚልሽ» ካለ ወተት ነው፣ አያከራክርም። «ማገርሚልሽፑልፈር» የወተት ዱቄት ነው። አሳሳቹ «ቡተርራይንፌት» የሚለው ነው፤ የኛን ንጥር ቅቤ የሚመስል የላም ቅቤ ነው፣ ጥቁር ቸኮሌት ውስጥም ይጨመራል። መጨረሻ ላይ «የወተት ቅሪት ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ደግሞ በአንድ ማሽን ስለተሠራ ለአለርጂ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሙያ አይደለም። ከንጥረ ነገሩ ባሻገር፣ በሰሙነ ሕማማት ጣፋጭ ይገባል አይገባም የሚለውን እኔ አልመልስም፤ የ9 ዓመቷ ልጅዎ ለዚያ የራሷ ንስሐ አባት አሏት። ከሥነ ምግብ አንፃር የምነግርዎ አንድ ነገር ነው፤ ከየካቲት 16 ጀምራ የያዘችውን ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው በቪዲዮ ምክንያት አያስፈቷት። ትንሹ ጾም ስለሌለበት አንድ ቁራሽ ቢሰጡት ችግር የለውም፣ እኅቱ ፊት ካልሆነ።

የፍራንክፈርቶቹ ለምን እንደቀደሟቸውም ይንገሯቸው፤ ልጆች ምክንያቱን ሲያውቁ ቅናቱ ይቀንሳል። የምዕራባውያን ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ዋለ፣ የእኛ ሚያዝያ 11 ነው፤ የዘመን ስሌቱ ስለሚለያይ። እንቁላሉም ቢሆን የመጣው ከእኛው ዓይነት ነገር ነው። በአውሮፓ በጾም እንቁላል አይበላም ነበር፤ ዶሮዎቹ ግን መጣላቸውን አላቋረጡም፣ ስለዚህ ፋሲካ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ እንቁላል ነው። ቀቅለው ቀለም ቀቡት። ወደ ቸኮሌት የተሸጋገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ፍራይ የሚባለው ኩባንያ ውስጡ ባዶ የሆነውን የቸኮሌት እንቁላል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። እኛ እንቁላሉን ዶሮ ወጡ ውስጥ ጨመርነው፣ 12 አድርገን። ልጅዎ ቅዳሜ እንቁላሉን ትላጥ፤ ጫፉን ሳትጎዳ 12ቱን ልጣ ከጨረሰች ከቸኮሌቱ የመጀመሪያው ምርጫ የሷ ይሁን። በነገራችን ላይ የወቅቱ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በዚሁ የቤት መቀመጥ ሰሞን፣ እንቁላል የምታመጣዋ የፋሲካ ጥንቸል ሥራዋ እንዳይቋረጥ ከተፈቀደላቸው አስፈላጊ ሠራተኞች አንዷ መሆኗን በጋዜጣዊ መግለጫ ተናግረዋል፤ ግን ዘንድሮ ሁሉም ቤት ላትደርስ ትችላለች ብለው ልጆቹን አስጠንቅቀዋል። ለትንሹ ይህን ይንገሩት።

ቸኮሌት ከበሽታው አይከላከልም። ካካዎ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባሉ ውሕዶች አሉ፣ በደም ሥር ላይ ስላላቸው ውጤት ብዙ ተጠንቷል፤ ከዚያ ተነሥቶ «ኮሮናን ይመክታል» ማለት ግን ከእንጀራ ተነሥቶ ምጣድ ይበላል እንደማለት ነው። በመጋቢት ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ላይ የደረሰውን አይተናል። ምግቡ ጥሩ ነው፣ መድኃኒትነቱ ግን ተረት ነው፣ ያተረፈውም ነጋዴው ነው። አረቄም እንዲሁ።

ሌሊት ሲፈታ ምን ይቅደም? ከ55 ቀን በኋላ ሆድዎ ሽሮና ምስር የለመደ ሆድ ነው። ጨጓራና ሐሞት ከረጢት ያን ያህል ቅባት በአንድ ጊዜ ሲመጣባቸው ያጉረመርማሉ፤ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው በፋሲካ ሌሊት ቀኝ ጎኑን ይዞ ሐኪም ቤት የሚመጣው ለዚህ ነው። ወተት ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ብዙ ኢትዮጵያዊ አዋቂ የወተትን ስኳር በደንብ አይፈጭም፤ በጾሙ ጊዜ ሳይነካው ቆይቶ ድንገት ሲመጣ መነፋትና ቁርጠት ይታይበታል። የወተት ቸኮሌት ከነስሙ ወተት ነው። የአያቶቻችን ሥርዓት እዚህ ላይ ልክ ነው፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ተልባ፣ ትንሽ ቆይቶ እንጀራ በዶሮ፣ መጠኑ የወትሮው ግማሽ። ቸኮሌቱ ሌሊት አይነካም። ለሆድ ብቻ አይደለም፤ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከአንድ ስኒ ቡና ጋር የሚቀራረብ ካፌይን አለው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የበላ የ4 ዓመት ልጅ የሚያስተኛ እናት አላየሁም።

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ቡና ሲፈላ፣ ይክፈቱት። የወተት ቸኮሌት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፤ 100 ግራም የሚመዝን አንድ እንቁላል ከ12 የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢበዛ 50 ግራም፣ ቢቻል 25 ግራም ገደማ ይላል፤ የልጅ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ እንቁላሉ ተሰብሮ ይካፈል እንጂ በነፍስ ወከፍ አይታደል። ለልጅ ሁለት ሦስት ቁራሽ፣ ለአዋቂ እንዲሁ፣ የቀረው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይከፋፈል። እናትዎ የሚበሉ ከሆነ ካካዎው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነው ጥቁር 20 ግራም፣ ሁለት ትንንሽ ቁራሽ ማለት ነው፣ ከምግብ በኋላ፣ ስኳራቸው በዚያ ቀን ደህና ከሆነ። ለስኳር ሕመምተኛ ተብሎ የተሠራ ቸኮሌት ካለ ብለው አይፈልጉ፤ ስኳሩን የተኩበት ነገር ብዙ ጊዜ ሆድ ያስኬዳል፣ ቅባቱም ያው ነው።

ከረጢቱን ልጆች ሳያዩ አንድ ጊዜ ይፈትሹት። ከአውሮፓ የሚመጡ አንዳንድ ቸኮሌቶች ውስጣቸው አልኮል አለበት፣ መጠቅለያቸው ደግሞ ከሁሉ ያምራል። ሃዘልነት የተባለው ለውዝ እዚህ ስለማይበላ ልጆችዎ ቀምሰውት ላያውቁ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ቅንጣት ሰጥተው ይቆዩ፣ ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ወደ ሐኪም። ድፍን ለውዝ ያለበትን ለ4 ዓመቱ ልጅ አይስጡ፣ ያንቀዋል። ግቢው ውስጥ ውሻ ካለ ፍርፋሪውም አይጣልለት፤ ካካዎ ውስጥ ያለው ቲኦብሮሚን ለውሻ መርዝ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ከቸኮሌት ጋር ባይገናኝም ሳልናገር አላልፍም፤ ዘንድሮ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተሉ ቤት ውስጥ ጧፍ የሚያበሩ ብዙ ናቸው። ሳኒታይዘር አልኮል ነው። እጅ ተቀብቶ ሳይደርቅ ጧፍ አይያዝ፣ ልጅም አይያዝ።

አሁን ካዛንቺስ እናትዎ ጋ ወደመሄዱ ጉዳይ ልምጣ። አይሂዱ። በዘንድሮው (2012 ዓ.ም.) የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ መከልከሉን ለማስታወስ ብቻ አይደለም የምለው። ወንድምዎ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ሂሳብ ይቀበላል። ባለቤትዎ ዶሮ ሊገዛ ሾላ ይሄዳል። ልጆች ቢይዛቸውም ምልክት ላያሳዩ ይችላሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሶፋ ላይ፣ በአንድ መሶብ ዙሪያ፣ 71 ዓመት ከሞላቸው የስኳር ሕመምተኛ ጋር ሦስት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ይጎራረሳሉም። በሽታው የሚጋባው ከፊት ለፊት ሰው አፍና አፍንጫ በሚወጣ ጠብታ ነው፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ደግሞ ይጠናል። እርስዎ ሲፈሩ የከረሙት የፕላስቲክ መጠቅለያውን ነው፤ የሚያስፈራው መሶቡ ነው። ወንድምዎም ቢሆን ከእናቱ ጋር በአንድ ቤት ስላለ፣ ከሥራ ሲገባ ልብስ ቀይሮ እጁን ታጥቦ፣ ቢቻል ለእነዚህ ሳምንታት የራሱን ሳህን ይዞ ለብቻው ቢበላ ይሻላል። ያኮርፋል። ያኩርፍ።

የሚያደርጉት ይህ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ባለቤትዎ ብቻውን ዶሮውን በክዳን ሳህን፣ ቸኮሌቷን በወረቀት ጠቅልሎ ያድርስ። በር ላይ ያስቀምጥ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራቅ፣ እናትዎ ወጥተው ያንሱት፤ «እንኳን አደረሰዎ» ከዚያው ይባባሉ። መጨባበጥም መሳሳምም የለም፤ ከባድ ነው፣ በተለይ ለእሳቸው፣ ስለዚህ ከበፊቱ ቀን በስልክ ያስረዷቸው እንጂ በር ላይ አይደንግጡ። ከዚያ ሁለታችሁም ቤት መሶብ ሲቀርብ ቪዲዮ ይክፈቱና እናትዎ ይመርቁ። ፍራንክፈርቶቹንም ያስገቧቸው፣ የእነሱ እንቁላል እስካሁን አልቋል።

ቅዳሜ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ከቤተሰቡ አንዱ «ምንም አይሸተኝም» ካለ ግን፣ ወይም ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ በር ላይ ያለውም ቀርቶ ሁሉም ቤቱ ይሁንና በዘንድሮው ወረርሽኝ ለኮሮና በተመደበው 8335 ይደውሉ። ድንገት ሽታና ጣዕም ማጣት ከዚህ በሽታ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ሐኪሞች በየአገሩ እየመዘገቡት ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ያልሸተተው ሰው ደግሞ ጉንፋን ነው ብሎ አይለፈው።